ከአሳው ጎን የተቀመጠው ፊልም

«ሰው በፊልም ፍቅር ይያዛል እንዴ?» ብላችሁ እንዳትስቁ። ይያዛል! የሲኒማውን ማለታችን አይደለም፤ የካሜራውን፣ ያንን 36 ፎቶ የሚያነሳውን ጥቅል ነው።

ችግሩን ያካፈለን አርባ ምንጭ ሲቀላ ውስጥ ፎቶ ቤት የነበረው ወንድማችን ነው። ዛሬ ፎቶ ቤቱ ቀርቶ ፎቶ ኮፒ ያነሳል፣ የሞባይል ሽፋን ይሸጣል። በዚያ ደግ ዘመን ግን ሠርግ፣ ልደት፣ ምርቃት ሲጠራ ካሜራው ውስጥ የሚገባው ኮኒካ ባለ 100 ብቻ ነበር። «ኮዳክ ቢጫ ያበዛል፣ ፉጂ አረንጓዴውን ያሳምራል፤ የዱንጉዛን ቀይ ግን እንደ ኮኒካ የሚያወጣ አልነበረም» ይላል። የጨንቻን ዳገት ሲወጡ አባያ ቀላ ብሎ፣ ጫሞ ሰማያዊ ሆኖ አንድ ላይ ይታዩ የለ? ሁለቱንም በአንድ ፎቶ ሳይዋሽ ያሳየኝ እሱ ነው ባይ ነው። ባለሙያ ይከራከረው ይሆናል። ፍቅር ነውና እኛ ዝም ብለናል።

ኮኒካ ትንሽ ኩባንያ አልነበረም። ሥሩ እ.ኤ.አ. በ1873 ቶኪዮ ውስጥ ከተከፈተ ሱቅ ይመዘዛል። በ2003 ከሚኖልታ ጋር ተዋሐደ። ዲጂታል ካሜራ ገበያውን ሲወስድበት በጃንዋሪ 2006፣ በእኛ ጥር 1998 መሆኑ ነው፣ ከካሜራና ከፊልም ሥራ እንደሚወጣ አስታወቀ። በተከታዩ ዓመትም ጨርሶ ዘጋው። ወንድማችን ወሬውን የሰማው ዘግይቶ ነው። አዲስ አበባ ሰው ልኮ ያገኘውን ሰብስቦ አስገዛ፤ ቀስ በቀስም አለቀ። አሁን የቀሩት ሦስት ጥቅሎች ናቸው። በፌስታል ተጠቅልለው ፍሪጅ ውስጥ፣ ከጫሞ አሳ ጎን ተኝተዋል። ባለቤቱ አሳ ልታወጣ በከፈተች ቁጥር ታያቸዋለች። «ወይ አንሳባቸው፣ ወይ ጣላቸው!» እያለች ስንት ዓመቷ።

ሁለቱ ጥቅሎች ያልተነኩ ናቸው። ጉዱ ያለው ሦስተኛው ላይ ነው።

በ1998 መስቀል ዶርዜ ወጥቶ እናቱን አንስቷል፤ ከቀርከሃው ቤት ደጃፍ ተቀምጠው ጥጥ ሲፈትሉ፣ የልጅ ልጆቻቸው ሲከቧቸው። ጥቅሉ ሳይሞላ ቀረና «ለገና እጨርሰዋለሁ» አለ። እናቱ ገናን አልደረሱም። ፊልሙን መልሶ ጠቀለለው፤ አላሳጠበውም። ያ ቤት እንኳ ዛሬ ያኔ እንደነበረው አይደለም። የዶርዜ ቤት ከሥሩ ምስጥ እየበላው ያጥር የለ፣ ሲፈለግም ተሸክመውት ቦታ ይለውጣል።

«ለምን አላሳጠብከውም?» አልነው። «ሳይታጠብ እስካለ ድረስ እናቴ እዚያ ውስጥ አለች። ታጥቦ ባዶ ቢወጣስ?»

እውነቱን እንናገር። ፊልሙ እሱን ብሎ አይጠብቅም። ብርሃኑ ፊልሙ ላይ የጣለው ምስል እስኪታጠብ ድረስ በየዓመቱ እየደበዘዘ ይሄዳል። ሙቀት ደግሞ ያፋጥነዋል። ፍሪጁ ረድቶታል፤ ግን መብራት በጠፋበት ቀን ሁሉ የአርባ ምንጭ ሙቀት የድርሻውን ወስዷል። ሃያ ዓመት ገደማ የቆየ ፊልም ጭጋግ ይኖረዋል፣ ቀለሙም ይዛነፋል። ያ የዱንጉዛ ቀይ ላይመጣ ይችላል። ፊት ግን ከጭጋግ ውስጥም ይለያል።

ደግነቱ ይህ ፊልም ኮዳክሮም አለመሆኑ! ኮዳክሮም ቀለሙ የሚገባው በእጥበቱ ጊዜ ስለነበር የራሱ ልዩ ኬሚካል ይፈልግ ነበር። ኮዳክ እ.ኤ.አ. በ2009 አቆመው። አሜሪካ ካንሳስ ውስጥ የነበረው የመጨረሻው አጣቢ ደግሞ በ2010 መጨረሻ መቀበል ተወ። ከዚያ ወዲህ በሰው መሳቢያ የተረሳ ኮዳክሮም ቢገኝ ቢበዛ በጥቁርና ነጭ ነው የሚወጣው። ኮኒካ ግን እንደ ኮዳክ ጎልድና እንደ ፉጂ በዚያው ሲ-41 በሚባለው ዘዴ ይታጠባል። ኩባንያው ቢሞትም መታጠቢያው አልሞተም።

ታዲያ ምን ያድርግ? ሦስተኛውን አስቀድሞ አይላክ። ካልተነኩት ሁለቱ አንዱን ያውጣ፤ ከፍሪጅ ወጥቶ ላብ እንዳይጠጣ ሳይከፈት አንድ ሁለት ሰዓት ይቆይ። የድሮ ፊልም ለያንዳንዱ አሥር ዓመት አንድ እርምጃ ብርሃን ይጨመርለታል ይባላል። ስለዚህ ካሜራውን 100 ላይ ሳይሆን 25 ላይ አድርጎ ያንሳበትና ያሳጥበው። አብሮ የኖረ፣ አብሮ ሙቀት የቀመሰ ወንድሙ ስለሆነ የጭጋጉን መጠን ይነግረዋል። ውጤቱ የማይረባ ከሆነም የእናትየውን ጥቅል ቀለሙን ትቶ በጥቁርና ነጭ ማሳጠብ ይቻላል፤ ላረጀ ፊልም ብዙ ጊዜ የሚሻለው እሱ ነው።

የሚያጥብለትን ሰው ሲያገኝ «ኬሚካሉ መቼ ተቀየረ?» ብሎ ይጠይቅ። አይፈር! የመጀመሪያው መድኃኒት 38 ዲግሪ ገደማ ሆኖ 3 ደቂቃ ከ15 ሰከንድ ነው የሚሠራው። በወር አንድ ፊልም የሚያይ ቤት ውስጥ ተቀምጦ የሰነበተ ኬሚካል እናትንም ያጠፋል። ውጭ አገር ባለ ዘመድ ከላከው ደግሞ በሻንጣ እንዳይገባ፤ በእጅ ይያዝና አየር ማረፊያ ላይ «በማሽን አይለፍብኝ፣ በእጅ ፈትሹልኝ» ይባል። የዛሬዎቹ የመፈተሻ ማሽኖች ፊልም ይጎዳሉ። ሲታጠብም ኔጋቲቩ ይመለስለት። ወረቀቱ ቢደበዝዝ ከኔጋቲቩ ሌላ ይወጣል፤ ከነጭ ብርሃን ፊት ይዞ በሞባይል ማንሳትም ያስኬዳል።

ሌላ ፊልም ይልመድ ወይ? ኮዳክ ጎልድ ዛሬም ይመረታል። ተቋርጦ የነበረው የኮዳኩ ኤክታክሮምም እ.ኤ.አ. በ2018 ተመልሷል። ኮኒካን ግን አይጠብቅ።

ይህን ሁሉ በስልክ ስንነግረው ዝም ብሎ ሰማን። ባለፈው ሳምንት መልሶ ደወለ። አንዱን ጥቅል ካሜራው ውስጥ ከትቶ ሲቀላ ገበያ ወጥቷል፤ እስካሁን 11 አንስቷል። ባለቤቱንም አንስቷታል፣ አሳ ስትጠብስ። የእናቱ ጥቅል አሁንም ፍሪጅ ውስጥ ነው። «እሱን ይዤ የምሄደው ራሴ ነኝ፤ በሰው እጅ አልልከውም» ብሎናል።