አንዲት ጉርሻ ከአፍ እስከ ጨጓራ

ጉርሻ የፍቅር ምልክት ነው እንላለን። ሙሽሮች በሠርጋቸው ዕለት ይጎራረሳሉ፤ እናት ልጇን፣ ልጅም ያረጁ ወላጆቹን ያጎርሳል። አጉራሹ እጁን ከመለሰ በኋላ ያቺ ጉርሻ ምን እንደሚገጥማት ግን ብዙዎቻችን አስበን አናውቅም። መዋጥ ከ30 በላይ ጡንቻዎችና አምስት ጥንድ የአንጎል ነርቮች ተቀናጅተው የሚፈጽሙት ሥራ ነው። በቤታችን ሕፃን ወይም አዛውንት ካለ፣ ይህን ሥራ ማወቅ ሕይወት እስከ ማዳን ይደርሳል።

ሦስቱ ደረጃዎች

የመጀመሪያው ደረጃ በአፍ ውስጥ የሚከናወን ሲሆን በፈቃዳችን የምንመራው ነው። ጥርስ ያደቅቃል፣ ምራቅ ያርሳል፣ ምላስም እያገላበጠ ያድቦለቡላል። የምራቅ ዕጢዎቻችን በቀን ከግማሽ እስከ አንድ ሊትር ተኩል ምራቅ ያመነጫሉ። ምላስ ጉርሻውን ወደ ጉሮሮ ከገፋው በኋላ ሥራውን የሚመራው የአንጎል ግንድ ነው፤ የእኛ ፈቃድ እዚያ ላይ ያበቃል።

ሁለተኛው ደረጃ አንድ ሰከንድ ያህል ብቻ ይፈጃል፤ አደጋው ያለውም እዚህ ላይ ነው። የአየር ቧንቧ ከፊት፣ የምግብ ቧንቧ ከኋላ ስለሆነ ጉርሻው በአየር ቧንቧ አፍ ላይ ማለፍ አለበት። ስለዚህ ለስላሳው ላንቃ ከእንጥል ጋር ተነሥቶ ወደ አፍንጫ የሚወስደውን መንገድ ይዘጋል። ማንቁርት ወደ ላይና ወደ ፊት ይሳባል፤ ጣታችሁን አንገታችሁ ላይ አድርጋችሁ ምራቅ ብትውጡ ከፍ ሲል ይሰማችኋል። የድምፅ አውታሮች ይገጥማሉ፣ ቅጠል መሰሉ የማንቁርት ክዳን ይደፋል፣ እስትንፋስም ለአፍታ ይቆማል። እየሳቅን ወይም እያወራን ስንበላ ትን የሚለን ይህ ቅደም ተከተል ሲዛባ ነው።

ሦስተኛው ደረጃ በምግብ ቧንቧ ውስጥ ነው። ርዝመቱ 25 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ግድግዳው ከኋላ እየተኮማተረ ጉርሻውን ከ8 እስከ 10 ሰከንድ ባለው ጊዜ ጨጓራ ያደርሰዋል።

ልጅን መጋት ለምን ይጎዳል?

ጡት የሚጠባ ሕፃን መጥባትን፣ መዋጥንና መተንፈስን ማስማማት አለበት። ይህ ቅንጅት የሚዳብረው በ34ኛው የእርግዝና ሳምንት ገደማ ነው። ከዚያ አስቀድመው የተወለዱ ሕፃናት ብዙውን ጊዜ በቀጭን ቱቦ የሚመገቡት ለዚህ ነው።

በአገራችን ሕፃንን አጋድሞ መጋትና ቅቤ ማዋጥ የቆየ ልማድ ነው። የሚያለቅስ ልጅ ግን አየር እየሳበ ነው፤ የአየር ቧንቧውም ክፍት ነው። ቅቤ በተለይ ሳል ሳይቀሰቅስ ወደ ሳንባ ሊገባና ጽኑ የሳንባ ምች ሊያመጣ ይችላል። እስከ ስድስት ወር የእናት ጡት ብቻ ይበቃል። እንጥል ማስቆረጥም እንዲሁ ነው፤ ልጁን ከጉሮሮ ሕመም አያድነውም፤ ለደም መፍሰስና ለቁስል መመረዝ ግን ያጋልጠዋል።

«በሞቴ» ከማለታችን በፊት

በስትሮክ ከተመቱ ሰዎች መካከል በመጀመሪያዎቹ ቀናት ግማሽ ያህሉ የመዋጥ ችግር ይገጥማቸዋል። አንዳንዶቹ ምግብ ወደ ሳንባቸው ሲገባ እንኳ አያስላቸውም። ሚስት ባሏ እንዲበረታ ብላ «በሞቴ፣ አንዲት ብቻ» እያለች በተኛበት ታጎርሰዋለች፤ ልጆችም አባታቸውን ውሃ ያጠጣሉ። ፍቅሩ እውነተኛ ነው፤ ጉርሻው ግን ሊገድል ይችላል። ስለዚህ፦

• ሐኪም መዋጥ መቻሉን ሳያረጋግጥ ለበሽተኛው ውሃም ቢሆን አትስጡ።
• ቀጥ አድርጋችሁ አስቀምጡት፤ ከበላ በኋላም ግማሽ ሰዓት ያህል እንደተቀመጠ ይቆይ።
• ጉርሻውን አሳንሱ፤ የመጀመሪያውን ሳይውጥ ሁለተኛውን አትጨምሩ።
• እየበላ አታናግሩት።
• ጥርሱንና አፉን በየቀኑ አጽዱለት፤ ንጹሕ አፍ የሳንባ ምች ስጋትን ይቀንሳል።

ምግብ ሲያንቅ

የታነቀው ሰው በኃይል የሚያስል ከሆነ እንዲያስል አበረታቱት። መናገር፣ ማሳልና መተንፈስ ካቃተው ግን ውሃ አትስጡት፤ በማይታይ ነገር ላይም ጣት አትክተቱ። ወደ ፊት አጎንብሳችሁ በሁለቱ ትከሻዎቹ መካከል በመዳፍ አምስት ጊዜ በኃይል ምቱት። ካልወጣ ከኋላው ቁሙ፤ ጭብጣችሁን ከእምብርቱ በላይ፣ ከጎድን አጥንቱ በታች አድርጋችሁ ወደ ውስጥና ወደ ላይ አምስት ጊዜ ጎትቱ። ይህን የሆድ ግፊት አሜሪካዊው ሐኪም ሄንሪ ሃይምሊክ እ.ኤ.አ. በ1974 ያስተዋወቀው ነው። እስኪወጣ ድረስ ሁለቱን እያፈራረቁ መቀጠልና ሌላ ሰው እርዳታ እንዲጠራ ማድረግ ያስፈልጋል። ራሱን ከሳተ የልብና የሳንባ ማነቃቂያ ይጀመርለት። ለነፍሰ ጡር ሴት ግፊቱ በደረት ላይ ይሁን። ዓመት ያልሞላውን ሕፃን ሆዱን አትጫኑት፤ ራሱን ዝቅ አድርጋችሁ በክንዳችሁ ላይ በደረቱ አስተኝታችሁ ጀርባውን አምስት ጊዜ ምቱት፤ ከዚያ ገልብጣችሁ የደረቱን መካከል አምስት ጊዜ ተጫኑት።

ቸል የማይባሉ ምልክቶች

በየማዕዱ የሚያስለው፣ ከዋጠ በኋላ ድምፁ ውሃ እንደያዘ የሚንቦጫረቅ፣ የሳንባ ምች የሚመላለስበት ወይም የሚከሳ ሰው ይመርመር። መጀመሪያ እንጀራው፣ ቀጥሎ ገንፎው፣ በመጨረሻም ፈሳሹ አልወርድ ካለ የምግብ ቧንቧ ካንሰር ሊሆን ይችላልና ፈጥኖ ሐኪም ዘንድ መሄድ ይገባል። ይህ በሽታ ከኢትዮጵያ እስከ ደቡብ አፍሪካ ባለው የአፍሪካ ምሥራቃዊ ክፍል በብዛት ይታያል፤ በአገራችንም አርሲና ባሌ በተለይ ይጠቀሳሉ። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2016 ከ65 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ የሞቀ መጠጥ ካንሰር ሳያመጣ እንደማይቀር አስታውቋል። ሻይና ቡናችንን ጥቂት ማብረድ ምንም አያስከፍለንም።

ባልና ሚስት በዚህ ሳምንት ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩ፦ ልጃችንን የሚመግበው ማን ነው? እንዴት? አረጋዊ ወላጃችን ስንት ጊዜ ትን ይላቸዋል? በማዕድ ላይ የሚዘገየውን ሰው አትቸኩሉበት፤ ምናልባት ጉሮሮው የሚችለው ያንኑ ያህል ይሆናል።