ይይዛል ወይስ ይለቃል? የጀርመን ላገር ቢራ፣ የሆፕ መራራነትና የጌሾ ትምህርት

(በፋኩልቲው የሕዝብ ገለጻ መርሐ ግብር የቀረበ፤ ከድምፅ ቅጂ የተገለበጠ)



የዛሬው ገለጻዬ ርእስ የጀርመን ላገር ቢራ ጣዕም ቢሆንም፣ የምጀምረው ከባየርን ሳይሆን ከሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ነው። ድልድዩ ስሙን ያገኘው በሕዝቡ ዘንድ አባ መላ ተብለው ከሚታወቁት የጦር ሚኒስትር፣ ከፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ ነው። በአንድ ወገን ወደ ፒያሳና ወደ አራዳ ጊዮርጊስ፣ በሌላው ወገን ወደ መርካቶ ይወስዳል። በልጅነቴ ከዚህ ድልድይ አለፍ ብሎ በነበረ ሰፈር አክስቴ ጠላ ይሸጡ ነበር። ጌሾ ሲመጣላቸው ቅጠሉን በመዳፋቸው አሽተው ወደ አፍንጫቸው ያስጠጋሉ። ከዚያም ቆንጥረው ያኝኩና ለጥቂት ጊዜ ዝም ይላሉ። ፍርዳቸው ከአንድ ቃል አይበልጥም ነበር፤ «ይይዛል» ወይም «ይለቃል»። የሚይዘው መራራነቱ ጉሮሮ ላይ ተጣብቆ የሚቀር ነው። የሚለቀው ደግሞ መረር ብሎ አፍን ከጠረገ በኋላ የሚሄድ ነው። የሚይዘውን ነጋዴው ይዞት ይመለስ ነበር።

ከብዙ ዓመታት በኋላ ለዶክትሬት ትምህርቴ ባየርን ሳለሁ፣ አንድ ጠማቂ ደረቅ ሆፕ በሁለት መዳፎቹ መካከል አሽቶ አፍንጫውን ሲያስጠጋ አየሁ። የእጁ አኳኋን ከአክስቴ የተለየ አልነበረም። በዚያው ሰሞን በጣዕም ምርመራ ክፍለ ጊዜ የአንድ ፒልስ ቢራ መራራነት እንድገልጽ ተጠየቅሁ። «መራራ ነው» አልኩ። መምህሩም «መራራ መሆኑንማ ሁላችንም ቀምሰነዋል፤ ምን ዓይነት መራራ ነው?» አሉኝ። የምናገረው አጣሁ። መልሱን ከልጅነቴ ጀምሮ ዐውቀው ነበር፤ ዕውቀት መሆኑን ግን አላወቅሁም ነበር። ዛሬ የማቀርብላችሁ ያኔ ልሰጠው ይገባኝ የነበረውን መልስ ነው።

ላገር ምንድን ነው?

ላገር የሚለው ቃል በጀርመንኛ ማከማቸትን ያመለክታል። ይህ የቢራ ዓይነት ከሌላው የሚለየው በቀለሙ ወይም በጥንካሬው ሳይሆን በእርሾውና በቅዝቃዜው ነው። እርሾው ከ8 እስከ 12 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለ ሙቀት በዝግታ ይሠራል፤ ሥራውን ሲጨርስም ወደ ሥር ይዘቅጣል። ቢራው ከዚያ ወደ ዜሮ በተጠጋ ቅዝቃዜ ለሳምንታት ይቀመጣል። በዚህ ጊዜ ሻካራው ጣዕም ይለሰልሳል፤ ፍራፍሬ የሚመስሉት ሽታዎችም በሌሎች ቢራዎች ውስጥ እንደሚሆኑት ጎልተው አይወጡም። ስለዚህ ላገር ጉድለቱን የሚሸፍንበት ነገር የለውም፤ በጥሩ ላገር ውስጥ የብቅሉና የሆፑ ድምፅ ለየብቻው ይሰማል።

እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 23 ቀን 1516 የባየርን መስፍን ቪልሄልም አራተኛ በኢንጎልሽታት ያወጣው ድንጋጌ ቢራ ከገብስ፣ ከሆፕና ከውኃ ብቻ እንዲሠራ አዘዘ። እርሾ በድንጋጌው አልተጠቀሰም። ድንጋጌው የቢራውን ዋጋ የሚወስነው በሁለት በዓላት ከፍሎ ነው፤ ከቅዱስ ሚካኤል እስከ ቅዱስ ጊዮርጊስ ያለው ወቅት አንድ ዋጋ፣ ከጊዮርጊስ እስከ ሚካኤል ያለው ደግሞ ሌላ ዋጋ ነበረው። ኋላም በ1553 በባየርን የበጋ ጠመቃ ተከለከለና የጠመቃው ወራት በእነዚሁ በዓላት ታጠረ። ጠማቂዎች እስከ ጊዮርጊስ የጠመቁትን በቀዝቃዛ ምድር ቤት አስቀምጠው በጋውን ያሳልፉ ነበር። የእነርሱ ጊዮርጊስ እንደ እኛው በወር በገባ በ23 ይውላል፤ የዘመን አቆጣጠሩ ብቻ ይለያያል። ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ፣ አራዳ ጊዮርጊስና ጊዮርጊስ ቢራ ባሉበት ከተማ ላደገ ተማሪ ይህ ገጠመኝ ትንሽ ደስታ አልነበረም።

ዛሬ የምናውቀው ወርቃማ ላገር ግን ከዚያ በጣም ያነሰ ዕድሜ አለው። በ1842 ዮሴፍ ግሮል የተባለ የባየርን ተወላጅ ጠማቂ በቦሄሚያ ፒልዘን ከተማ ፈካ ካለ ብቅል፣ ከለስላሳ ውኃና ከዛትስ ሆፕ የመጀመሪያውን ፒልስነር ጠመቀ። በ1894 ደግሞ የሙኒኩ ሽፓተን ቢራ ፋብሪካ ሄሌስ የተባለውን፣ ብቅሉ ይበልጥ የሚሰማበትን ፈዛዛ ቢራ አወጣ። ካርል ፎን ሊንደ በ1870ዎቹ የሠራው የማቀዝቀዣ መሣሪያ የክረምቱን ቅዝቃዜ ዓመቱን ሙሉ አስገኘ። ቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1922 በአዲስ አበባ ሲመሠረት ይህ ዘይቤ ዓለምን እያዳረሰ ነበር። ዛሬ አንድ የአዲስ አበባ ሰው «ቢራ አምጣ» ሲል፣ ቃሉን ባይጠራውም የሚያዝዘው ላገር ነው።

መራራነቱ ከየት ይመጣል?

ሆፕ በእንጨትና በሽቦ ላይ እየተጠመጠመ ወደ ላይ የሚወጣ ሐረግ ነው። ለቢራ የሚፈለገው የሴቴው ተክል አበባ ሲሆን፣ በቅጠሎቹ ሥር ሉፑሊን የተባለ ቢጫ ብናኝ ይገኛል። በብናኙ ውስጥ አልፋ አሲዶች የሚባሉ ውሁዶች አሉ። እነዚህ በቀዝቃዛ ፈሳሽ በቀላሉ አይሟሙም፤ ከብቅሉ ጭማቂ ጋር ለአንድ ሰዓት ያህል ሲፈሉ ግን ቅርጻቸው ይለወጥና መራራ ሆነው ይሟማሉ። መራራዎቹ አሲዶች በተለይ መኮምጠጥን የሚያመጡ ባክቴሪያዎችን ያግዳሉ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ፣ በክፍት ጋን ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ለውጡም እዚህ ከሙኒክ ይልቅ ይዘገያል። ያንኑ መራራነት ለማግኘት ወይ ረዘም ላለ ጊዜ ማፍላት፣ ወይ ሆፑን መጨመር ያስፈልጋል።

ተክሉ ራሱ ለምን እዚህ አይበቅልም የሚል ጥያቄ በየዓመቱ ከተማሪዎች ይቀርብልኛል። መልሱ ያለው በቀኑ ርዝመት ላይ ነው። ሆፕ የሚስማማው ረጅም የበጋ ቀን ያለው፣ በአብዛኛው ከ35 እስከ 55 ዲግሪ ኬክሮስ የሚገኝ ምድር ነው። የእኛ ቀን ዓመቱን ሙሉ ከ12 ሰዓት ብዙም አይርቅም። ተክሉ በቂ ቁመት ሳያገኝ ለማበብ ይቸኩላል፤ ምርቱም ያንሳል። ስለዚህ ገብሱን ከአርሲና ከሰሜን ሸዋ ስናገኝ፣ ሆፑን ከውጭ እናስመጣለን።

የመራራነት መጠን በቁጥር ይለካል። አንድ የመለኪያ አሐድ በአንድ ሊትር ቢራ ውስጥ ካለ አንድ ሚሊ ግራም ያህል መራራ አሲድ ጋር ይቀራረባል። ሄሌስ ብዙውን ጊዜ ከ16 እስከ 22፣ የጀርመን ፒልስ ደግሞ ከ22 እስከ 40 ባለው ውስጥ ይገኛል። ነገር ግን ቁጥሩ ሁሉን አይናገርም። የጀርመን ግብርና ማኅበር ቢራ ሲመዝን አምስት ነገሮችን ይመረምራል፤ ሽታውን፣ የጣዕሙን ንጽሕና፣ አፍ የመሙላት ኃይሉን፣ ሕያውነቱን፣ በመጨረሻም የመራራነቱን ጥራት። የመራራነቱን ብዛት አላልኩም፤ ጥራቱን ነው። ጥሩ ፒልስ ቶሎ ይመራል፣ አፍን ያጸዳል፣ ከዚያም ይሄዳል። አክስቴ ይህንኑ መመዘኛ በአንድ ቃል ይናገሩት ነበር።

መዓዛውን በመርካቶ ቅመም መማር

መራራነት በምላስ ይታወቃል፤ የሆፕ ጠባይ ግማሹ ግን ያለው በአፍንጫ ነው። ሐለርታው፣ ቴትናንግና ሽፓልት የተባሉት የጀርመን አካባቢዎች የሚያበቅሏቸው ነባር የሆፕ ዝርያዎች መዓዛቸው ለስላሳ ነው፤ አበባ፣ ሣርና ቅመም ያስታውሳሉ። ይህን ለመለየት ሆፕ ማሽተት የግድ አይደለም። በሆፕ ውስጥ የአበባ መዓዛ የሚሰጠው ሊናሎል በድንብላል ዘይት ውስጥ ዋነኛው ነው። ትኩሱን የሣር ሽታ የሚያመጣው ማይርሲን በጠጅ ሣር ውስጥ ይገኛል። ቅመም ቅመም የሚለው ካርዮፊሊን ደግሞ ከቁንዶ በርበሬ ጋር የጋራ ነው። ድልድዩን ተሻግሮ መርካቶ የወረደ ሰው በጥቂት ብር የጣዕም ትምህርት ቤት ይዞ ይመለሳል። እኔ ተማሪዎቼን የማስጀምራቸው እነዚህን ሦስቱን ዐይናቸውን ጨፍነው እንዲለዩ በማድረግ ነው።

እንዴት ይቀመሳል?

አንደኛ፣ ቅዝቃዜውን ቀንሱ። በረዶ ሊሆን የደረሰ ቢራ ጥማት ይቆርጣል እንጂ መዓዛ አይሰጥም፤ ከ6 እስከ 8 ዲግሪ ይበቃል። ሁለተኛ፣ ከጠርሙስ አትጠጡ። በብርጭቆ ቅዱት፤ አረፋውም ይኑር፤ መዓዛውን ይዞ የሚወጣው እርሱ ነውና። ሦስተኛ፣ ከመጎንጨታችሁ በፊት አሽትቱ። በሄሌስ ውስጥ የትኩስ ዳቦ ልብ፣ ዱንክል በተባለው ጥቁር ላገር ውስጥ የዳቦ ቅርፊትና የገብስ ቆሎ ታገኛላችሁ። አራተኛ፣ የጎነጫችሁትን ዋጡት። ወይን ቀማሾች ሊተፉ ይችላሉ፤ የቢራ መራራነት ግን የሚፈረደው ከተዋጠ በኋላ ነው። አምስተኛውና ዋነኛው፣ ቆዩ። እስከ ሃያ ቁጠሩ። መራራነቱ የት እንደተሰማችሁ፣ መቼ እንደ ጎላ፣ መቼ እንደ ሄደ አስተውሉ።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ብርሃን የሆፕን መራራ አሲዶች ሰባብሮ የሚከረፋ የድኝ ውሁድ ያስገኛል። ቡናማ ጠርሙስ ይህን ብርሃን በእጅጉ ይከላከላል፤ አረንጓዴውና ነጩ ግን እምብዛም አይመክቱም። በረንዳ ላይ ፀሐይ ሲመታው የዋለ ሣጥን ካያችሁ፣ ጥፋቱን በጠማቂው ላይ ከመጫናችሁ በፊት ቢራው የት እንደ ዋለ ጠይቁ።

ወደ ጌሾ እንመለስ

ጌሾና ሆፕ የቅርብ ዘመዳሞች አይደሉም። የጌሾ መራራነት ከአልፋ አሲዶች አይመጣም፤ ፕሮፌሰር ብርሃኑ አበጋዝና ባልደረባቸው እ.ኤ.አ. በ1995 ባሳተሙት ጥናት ከቅጠሉ የለዩትን መራራ ውሁድ ጌሾይዲን ብለውታል። ጌሾው በጥንስሱ ውስጥ ለቀናት ሲዘፈዘፍ መራራነቱን ይሰጣል። ጠላም እንደ ላገር በቅዝቃዜ ለወራት አይቆይም፤ በቀናት ውስጥ መኮምጠጥ ይጀምራል። እነዚህን ልዩነቶች ማወቅ ተገቢ ነው። ሁለቱን መጠጦች የሚያገናኘው ተክሉ ሳይሆን የቀማሹ ጥያቄ ነው።

ልዩነቱ ግን በሌላ ቦታም አለ። የሐለርታው ገበሬ፣ የሙኒክ ጠማቂና የግብርና ማኅበሩ ዳኛ ስለ መራራነት የተስማሙባቸው ቃላት ተጽፈው በትምህርት ቤት ይሰጣሉ። የአክስቴ ቃላት አልተጻፉም። እርሳቸው ያረፉት እኔ ወደ አገሬ ተመልሼ ማስተማር ከጀመርኩ በኋላ ነው፤ ጊዜ ነበረኝ ማለት ነው። በየሳምንቱ ለተማሪዎቼ የጀርመንኛ የጣዕም ቃላት ስተረጉም፣ ደብተር ይዤ አንድ ቀን አጠገባቸው አልተቀመጥኩም። ሙያውን የሚያውቁ ጎረቤቶቻቸውን እጠይቃለሁ እያልኩም ዘገየሁ። በ2016 ዓ.ም. በፒያሳና በዙሪያው የነበሩ ብዙ ነባር ቤቶች ለኮሪደር ልማት ሲነሡ፣ የማውቃቸው ሰዎች በየአቅጣጫው ሄዱ።

አንደኛዋን ባለፈው ዓመት ከከተማው ዳር፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ አገኘኋቸው። ጠላ መጥመቅ ትተዋል፤ ጋኑን የሚያስቀምጡበት ቦታም የላቸውም። ስለ ጌሾ ስጠይቃቸው «ይይዛል» እና «ይለቃል» የሚሉትን እንደ አክስቴ ነገሩኝና «የሚመለስም አለ» ሲሉ ጨመሩ። ምን ማለት ነው ብላቸው፣ «ለቀቀ ብለህ ትረሳዋለህ፤ ቆይቶ ከጉሮሮህ ተመልሶ ይመጣል፤ እሱ ነው ክፉው» አሉኝ። ይህ ጣዕም በቢራ መቅመሻ ጠረጴዛ ላይ ደጋግሞ ገጥሞኛል፤ በየሪፖርቱም በረጅም ዐረፍተ ነገር ስገልጸው ኖሬያለሁ። ስሙ «ይመለሳል» ኖሯል። ከዚያች ቀን ጀምሮ በክፍሌ በዚህ ቃል እንጠቀማለን።

በመሆኑም በሚቀጥለው ወሰነ ትምህርት የጣዕም ምርመራ ኮርስ የሚወስዱ ተማሪዎች የመጀመሪያ ሥራቸው በቤተ ሙከራ አይሆንም። እያንዳንዱ ተማሪ ጠላ ወይም ጠጅ የጠመቁ አንዲት እናት ፈልጎ፣ ስለ ጌሾ የሚናገሩባቸውን ቃላት እንደ ተናገሩት ጽፎ ያመጣል። የጀርመኑን መመዘኛ ከዚያ በኋላ እናስተምራለን፤ ያኔ የሚነጻጸርበት ነገር ይኖረዋልና።

አሁን ወደ ኋላኛው ጠረጴዛ እንሂድ። መጀመሪያ በትንሽ ስኒ የጌሾ ውኃ አለ፤ ከእርሱ ቀጥሎ ሄሌስ፣ ፒልስና ዱንክል በየተራ ይቀርባሉ። መጠኑ አነስተኛ ነው፤ መኪና የሚያሽከረክር አይቅመስ። ለማይጠጡ ደግሞ ድንብላሉ፣ ጠጅ ሣሩና ቁንዶ በርበሬው ተዘጋጅቷል። ከእያንዳንዱ ጉንጭት በኋላ እስከ ሃያ ቁጠሩና በተሰጣችሁ ወረቀት ላይ ከሦስቱ ቃላት አንዱን ጻፉ። አራተኛ ቃል ያለው ካለ፣ እርሱን አስቀድሞ ይንገረኝ።