ኦባማ ተቀያሪ ወንበር ላይ የተቀመጠበት ትምህርት ቤት

ባራክ ኦባማ ፕሬዝዳንት ከመሆኑ ከ30 ዓመት በፊት በትምህርት ቤቱ የቅርጫት ኳስ ቡድን ውስጥ ቋሚ ተሰላፊ እንኳን አልነበረም። ብዙውን ጊዜ ከወንበር ተነስቶ ነበር የሚገባው። ቡድኑ ግን በ1979 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የሃዋይ ሻምፒዮን ሆነ።

ትምህርት ቤቱ ፑናሁ ይባላል። በሃዋይ ዋና ከተማ ሆኖሉሉ ያለ የግል ትምህርት ቤት ነው። አዳሪ የለውም፤ ተማሪው ጠዋት ገብቶ ማታ ቤቱ ይመለሳል። ከመዋዕለ ሕፃናት እስከ 12ኛ ክፍል ከ3,700 በላይ ልጆች ይማሩበታል።

እንዴት ተጀመረ?

ያኔ ሃዋይ የአሜሪካ ግዛት ሳትሆን ራሷን የቻለች መንግሥት ነበረች። የመጡት አሜሪካውያን ሚሲዮናውያን ልጆቻቸውን ለማስተማር ገና በሕፃንነታቸው በመርከብ፣ የደቡብ አሜሪካን ጫፍ አዙረው፣ የወራት መንገድ ይልኳቸው ነበር። ይህ መለያየት ስለከበዳቸው በ1841 ፑናሁን መሠረቱ። በ1842 በ15 ተማሪዎች ሥራ ጀመረ።

እዚህ ጋ ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። መሬቱን የሰጡት የሃዋይ ገዢዎች ናቸው፤ መጀመሪያ የተማሩበት ግን የሚሲዮናውያኑ ልጆች ናቸው። በሩ ለሁሉም ዘርና ሃይማኖት የተከፈተው በ1851 ነው።

ጦርነትም አልፎበታል። በታኅሣሥ 1941 ፐርል ሃርበር በተደበደበ ማግስት የአሜሪካ ጦር ግቢውን ወሰደው፤ ተማሪዎቹም ትምህርታቸውን ሌላ ቦታ ቀጠሉ።

ስፖርቱስ?

ስፖርትስ ኢለስትሬትድ የተባለው መጽሔት በ2008 እና በ2009 በስፖርት ፕሮግራም ከአሜሪካ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች አንደኛ ብሎታል። በ1932 ኦሎምፒክ በ400 ሜትር ነፃ ዋና ወርቅ ያገኘው በስተር ክራብ እዚህ ተምሯል። በቶኪዮ ኦሎምፒክ የመጀመሪያውን የሴቶች ሰርፊንግ ወርቅ የወሰደችው ካሪሳ ሙርም የፑናሁ ልጅ ናት። የጎልፍ ተጫዋቿ ሚሼል ዊም እንደዛው።

ሚስጥሩ ምንድነው ካላችሁ፣ ገንዘብ አንዱ ነው። ሜዳው፣ መዋኛው፣ አሰልጣኙ ሁሉም አለ። የዓመት ክፍያው ግን ከ30 ሺህ ዶላር በላይ ነው! ይህን ስንቱ ቤተሰብ ይችላል?

ወደ ኦባማ እንመለስ። እናቱ ኢንዶኔዥያ እያለች በ1971 በ10 ዓመቱ 5ኛ ክፍል ገባ። ከአያቶቹ ጋር አፓርታማ ውስጥ ነበር የሚኖረው፤ የተማረውም በስኮላርሺፕ ነው። በዚያው ዓመት ኬንያዊው አባቱ ሊጠይቀው መጥቶ የቅርጫት ኳስ ሰጠው። ከዚያ በኋላ አባቱን በአካል አላየውም። ኳሷ ግን አብራው ቀረች፤ ዋይት ሀውስ ገብቶም መጫወቱን አልተወም።

ስለዚህ የፑናሁ ታሪክ የዋንጫ ብቻ አይደለም። በሩ ለማን ይከፈታል የሚለው ጥያቄም ነው። ያ ስኮላርሺፕ ባይኖር ኖሮ ያ ልጅ ሻምፒዮን ቡድን ወንበር ላይም አይቀመጥም ነበር።

እናንተስ? የተማራችሁበት ትምህርት ቤት ሜዳ ነበረው? ወይስ ስፖርት ክፍለ ጊዜ ደብተር ላይ ነበር ያለፈው? ኮመንት ላይ ንገሩን።