በሁሩታ ከፍታ ላይ ስለሚዋዥቅ ሞተር ምርመራ

ሞተር ተነሥቶ፥ ነዳጅ መስጫው ሳይረገጥ፥ መኪናው ቆሞ ሳለ የሚሠራበትን ዝግተኛ ዙር መካኒኮቻችን ሚኒሞ ይሉታል። ጤነኛ ሞተር በሚኒሞ ሲሠራ ድምፁ አንድ ዓይነት ነው። የታወከው ግን ወይ ይንገጫገጫል፥ ወይም ማንም ሳይነካው ዙሩ ከፍ ዝቅ ይላል። በዚህ ጽሑፍ ምክንያቱ እንዴት ተለይቶ እንደሚታወቅ ለማስረዳት እንሞክራለን። ለምሳሌ የምናቀርበው በአርሲ፥ በሁሩታ ከተማ የመረመርነውን አንድ አሮጌ የቤንዚን ፒክአፕ ነው፤ ካምቢዮው አውቶማቲክ ነው። በአገሩ እህል የሚያመላልሱት ኢሱዙዎች የናፍጣ ስለ ሆኑ ከዚህ የምንለው ለእነርሱ አይሠራም። የናፍጣ ሞተር ሲዋዥቅ በመጀመሪያ የሚጠረጠረው ወደ ነዳጅ መስመሩ የገባ አየር ነው።

ባለቤቱ የነገሩን ሁለት በሽታ ነበር። አንደኛው፥ ሚኒሞው ይዋዥቃል፤ ማርሹ ወደ ዲ ሲገባም ሞተሩ ሊጠፋ ይደርሳል። ሁለተኛው፥ ካምቢዮው ማርሽ የሚለውጠው ዘግይቶና እየመታ ነው። ቀደም ብሎ ያየው መካኒክ ሞተሩ ደክሟል፥ ካምቢዮውም ይፈታ ብሎ ስለ ነበር፥ ባለቤቱ ወጪውን ፈርተው መኪናውን ለመሸጥ አስበው ነበር።

እንግዲህ በሚኒሞ ጊዜ የሞተሩ የአየር በር ሊዘጋ ጥቂት ነው የሚቀረው። ፒስተኖቹ ሲስቡ፥ ከበሩ ወዲያ ባለው ማኒፎልድ ውስጥ ያለው ግፊት ከውጭው አየር ግፊት በእጅጉ ያንሳል። ይህ ልዩነት ቫኪዩም ይባላል። የጎማ ቱቦዎች ቫኪዩሙን ወደ ፍሬን ማገዣው፥ በብዙ አሮጌ የአሜሪካ መኪናዎችም ወደ ካምቢዮው ያደርሱታል። ካምቢዮው የሞተሩን ሸክም የሚያውቀው በዚህ ነው፤ ቫኪዩሙ ሲቀንስ ነጂው ነዳጅ የረገጠ ይመስለዋልና ማርሹን አዘግይቶ በኃይል ይለውጣል። ቱቦ ሲሰነጠቅ ደግሞ ያልተለካ አየር ስለሚገባ ድብልቁ ቤንዚን ያንሰዋል፤ ዙሩ ይወድቃል፥ ይነሣል። ሁለት የመሰለው በሽታ አንድ ሊሆን የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

ቫኪዩም በመለኪያ ይነበባል። የጥገና መጻሕፍት ጤነኛ ሞተር በሚኒሞ ከ17 እስከ 21 ኢንች ባዜቃ ያሳያል ይላሉ። ነገር ግን ይህ ቁጥር የተጻፈው ለባሕር ጠረፍ ነው። ከፍታው 300 ሜትር በጨመረ ቁጥር ንባቡ 1 ኢንች ያህል ይቀንሳል። ሁሩታ 2000 ሜትር ገደማ ላይ ስለ ሆነች፥ የአየሯ ግፊት ከባሕር ጠረፉ አምስት እጅ አራቱን ያህል ብቻ ነው፤ በዚያ ጤነኛ ሞተር የሚያሳየው ከ11 እስከ 14 ገደማ ይሆናል። አዳማ ላይ ከዚህ 1 ኢንች ያህል ከፍ ይላል። መጽሐፉን ብቻ ያመነ ሰው በሁሩታ ደኅና ሞተር የለም ወደ ማለት ይደርሳል፤ እኛም በመጀመሪያው ቀን ከዚህ ስሕተት ብዙ አልራቅንም ነበር።

በመኪናው ላይ መርፌው በ8 እና በ11 መካከል ይዋልል ነበር። ጎማዎቹን በድንጋይ አግደን፥ የእጅ ፍሬን ስበን፥ ማርሹን በፒ አቁመን፥ ቱቦዎቹን ከማኒፎልዱ አጠገብ አንድ በአንድ በጨርቅ በተጠቀለለ ፒንሳ ቆነጠጥን። የፍሬኑን ስንይዘው ምንም አልተለወጠም። ወደ ካምቢዮው የሚወርደውን ስንይዘው ግን መርፌው 13 ላይ ቀጥ ብሎ ቆመ፥ ድምፁም ተስተካከለ። ቱቦው በጭስ ማውጫው ጎን በሚያልፍበት ስፍራ ከታች በኩል ተሰንጥቆ ኖሯል፤ ከላይ ሲያዩት ደኅና ይመስል ነበር። በአዲስ ከተካነው በኋላ ካምቢዮውም በጊዜው መለወጥ ጀመረ። ሞተሩም ካምቢዮውም አልተፈቱም።

በቱቦው ውስጥ የካምቢዮ ዘይት ቢገኝና ከጭስ ማውጫው ነጭ ጭስ ቢወጣ ኖሮ ግን፥ በካምቢዮው ላይ ቫኪዩሙን የሚቀበለው ዕቃ ላስቲኩ ተቀዷል ማለት ስለ ሆነ፥ ቱቦ መለወጡ ባልበቃም ነበር። ካንዴላም መፍታት ይጠቅማል። ነጣ ካለ አየር በዝቷል፤ ጥቁር ጥላሸት ከለበሰ ቤንዚን በዝቷል፤ ይህም ለቆላ የተስተካከለ ካርቡራተር ወደ ደጋ ሲወጣ የሚደርስ ነው። አንዳንዶች ቀዳዳ ለመፈለግ በጋለ ሞተር ላይ ቤንዚን ይረጫሉ፤ ይህ እሳት መጥራት ነው። እኛ የሳሙና ውሃ በብሩሽ ቀባን፤ ዙሩ ለቅጽበት የተለወጠበት ስፍራ ቀዳዳው ነው።