ዴስክቶፕ በኤችዲኤምአይ ሳይታይ ሲቀር ምክንያቱን ስለ መፈለግ

በትንንሽ የሊኑክስ ቦርዶች ላይ መሥራት የጀመረ ተማሪ ሁሉ አንድ ቀን ይህ ችግር ይገጥመዋል። ቦርዱ ኤሌክትሪክ ያገኛል፤ መብራቶቹ ብልጭ ድርግም ይላሉ፤ በኔትወርክ በኩል ትእዛዝ ቢልኩለትም ይመልሳል፤ ነገር ግን በኤችዲኤምአይ ገመድ በተያያዘው ሞኒተር ላይ ዴስክቶፑ አይወጣም። በዚህ ጊዜ ብዙ ሰው በመጀመሪያ ገመዱን ይለውጣል፤ ቀጥሎም ሞኒተሩን ይለውጣል፤ በመጨረሻ «ቦርዱ ተበላሽቷል» ብሎ ወደ ጎን ያስቀምጠዋል። ቦርዱ ከገበያ የተገዛ እንደሆነ ጉዳቱ ቀላል ነው። ተማሪዎች ራሳቸው ነድፈው ወደ ውጭ አገር ልከው ያሠሩት እንደሆነ ግን፣ ሁለተኛው ተሠርቶ እስኪመጣ ድረስ የሚያልፈው ጊዜ የሴሚስተሩን ሥራ ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ ጥፋቱ የቦርዱ ነው ወይስ የፕሮግራሙ የሚለው ጥያቄ በግምት የሚመለስ አይደለም። በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት የምንሞክረው መልሱ በምን መንገድ እንደሚገኝ ነው።

ነገሩ በጠቅላላው ሲነገር ግልጽ ስለማይሆን አንድ የታወቀ ንድፍ ይዘን እንነሣለን። ይኸውም በ2013 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር) የወጣው ቢግልቦን ብላክ ነው። ንድፉ ለማንም የተገለጠ ስለሆነ የራሱን ቦርድ ለመሥራት የሚያስብ ሰው ከርሱ ሊነሣ ይችላል፤ እኛም የምንናገርለት ቦርድ ከዚሁ የተወሰደ ነው። ፕሮሰሰሩ የቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ኤኤም3358 ሲሆን፣ ይህ ፕሮሰሰር በራሱ ኤችዲኤምአይ ማውጣት አይችልም። ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ቀለሞችን በ16 ሽቦዎች ጎን ለጎን ያወጣል፤ ቲዲኤ19988 የተባለው የኤንኤክስፒ ቺፕ ይህን ተቀብሎ ወደ ኤችዲኤምአይ ይለውጠዋል። በከርነሉ ውስጥም ለሁለቱ ክፍሎች ሁለት ድራይቨሮች አሉ፤ ለፕሮሰሰሩ ወገን ቲልሲዲሲ፣ ለቺፑ ወገን ደግሞ ቲዲኤ998ኤክስ ይባላሉ።

እንግዲህ ሥዕሉ የሚሄድበትን መንገድ እንመልከት። ዴስክቶፑ ሥዕሉን በሜሞሪ ላይ ያኖረዋል፤ ቲልሲዲሲ ከሜሞሪው እያነበበ በሽቦዎቹ ይልከዋል፤ ቲዲኤው ለውጦ በገመዱ ይሰድደዋል። ይሁን እንጂ ከሞኒተሩ ወደ ቦርዱ የሚመለስ ሌላ ወሬም አለ። ሞኒተሩ በመጀመሪያ «አለሁ» ይላል፤ ቀጥሎም ምን ምን መጠን ያለው ሥዕል ማሳየት እንደሚችል ይናገራል። ችግር ሲፈለግ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ይህ የመልስ መንገድ ነው። ሞኒተሩ ያልተናገረ እንደሆነ ቦርዱ ፍጹም ጤነኛ ቢሆንም እንኳ ዝም ሊል ይችላልና።

ገመድ ከመለወጥ የሚጀምር ሰው ፍለጋውን ከአንዱ ጫፍ ይጀምራል ማለት ነው። እኛ የምንመክረው ግን ከመካከል መጀመርን ነው። በከርነሉ «ሲስ» ማውጫ፣ «ክላስ» ከዚያም «ዲአርኤም» በሚለው ሥር፣ ለኤችዲኤምአይ መውጫው የተመደበ አንድ ማውጫ ይገኛል፤ በውስጡም «ስታተስ» የሚል ፋይል አለ። ይህን ፋይል ማንበብ የደቂቃ ሥራ ነው። ከሦስት ነገሮችም አንዱ ይገጥመናል፤ ወይም ማውጫው ከነጭራሹ የለም፣ ወይም ፋይሉ «አልተያያዘም» ይላል፣ ወይም «ተያይዟል» ይላል። ሦስቱ ወደ ተለያየ ቦታ ስለሚመሩን ማምታታት አይገባም።

ማውጫው ከሌለ ድራይቨሮቹ ገና አልተገናኙም። ቲልሲዲሲ ቲዲኤው እስኪገኝለት ድረስ ስለሚጠብቅ፣ ቺፑ አልመልስ ካለ ካርዱ በሙሉ ይቀራል። በዚህ ጊዜ ሁለት ነገር እንመረምራለን። አንደኛው ዲቫይስ ትሪ የሚባለው የቦርዱ መግለጫ ነው፤ በርሱ ውስጥ ሁለቱም ክፍሎች ተፈቅደው፣ የአንዱ መውጫ ከሌላው መግቢያ ጋር ተያይዞ መጻፍ አለበት። ሁለተኛው በአይስኩዌርሲ መስመር ላይ ቺፑ መመለስ አለመመለሱ ነው። ቲዲኤው ሁለት አድራሻ አለው፤ በዐሥራ ስድስትዮሽ አቈጣጠር 34 እና 70 ናቸው። ድራይቨሩ ቺፑን የሚቀሰቅሰው በ34 በኩል ስለሆነ፣ 70 ገና ሳይቀሰቀስ ዝም ቢል ሊያስደነግጥ አይገባም። 34ም ዝም ካለ ግን መልቲሜትር አንሥቶ የቺፑን 1.8 ቮልት መለካት ያስፈልጋል።

በዚሁ መስመር ላይ አንድ የሚያሳስት ነገር አለ። አድራሻዎችን የሚቈጥረው ፕሮግራም 50 የሚል ቁጥርም ያሳያል። የሞኒተር መግለጫ የሚነበበውም በ50 አድራሻ መሆኑን የተማረ ሰው «ሞኒተሩ መለሰ» ብሎ ደስ ይለዋል። በዚህ ንድፍ ግን በዚያ አድራሻ የሚመልሰው የቦርዱን መታወቂያ የያዘው ትንሽ የማስታወሻ ቺፕ ነው። ሞኒተሩ ያለበት መስመር ከቲዲኤው በስተጀርባ ስለሆነ በዚህ ቈጠራ ጨርሶ አይታይም።

ፋይሉ «አልተያያዘም» የሚል ከሆነ ነገሩ ወደ ማገናኛው ይወስደናል። ቦርዱ 5 ቮልት በገመዱ በኩል ወደ ሞኒተሩ ይልካል፤ ሞኒተሩም ይህን ባገኘ ጊዜ መኖሩን የሚገልጸውን መስመር ከፍ ያደርጋል። ስለዚህ 5 ቮልቱ ካልወጣ «አለሁ» የሚለው ወሬ አይመለስም። በራስ ንድፍ ላይ የሚደርሰውን አንድ ስሕተት እዚህ ላይ መጥቀስ ይገባል። ቢግልቦን ብላክ ያለው ትንሹ የዲ ዐይነት ማገናኛ ነው፤ በርሱ 5 ቮልቱ ያለው በ19ኛው እግር ሲሆን የ«አለሁ» መስመር በ1ኛው ነው። በትልቁ በኤ ዐይነት ማገናኛ ላይ ግን 5 ቮልቱ በ18ኛው፣ የ«አለሁ» መስመር በ19ኛው ይገኛል። ማገናኛውን በትልቁ ለውጦ የእግሮቹን ቁጥር እንዳለ የተወ ነዳፊ 5 ቮልቱን ሞኒተሩ መልስ በሚሰጥበት እግር ላይ አደረገው ማለት ነው። ይህ በእርግጥ የቦርድ ጥፋት ነው።

«ተያይዟል» በሚለው ጊዜ ደግሞ ከጎኑ ያለውን የሞኒተር መግለጫ ማንበብ ነው። መግለጫው የ128 ባይት ክፍሎች አሉት፤ የአንዱ ክፍል ባይቶች ሁሉ ተደምረው ለ256 ሲካፈሉ ቀሪ ሊኖራቸው አይገባም። ፋይሉ ባዶ ከሆነ የ«አለሁ» መስመር ሠርቶ የመግለጫው መስመር አልሠራም። ትክክል ከሆነ የሚቀረው የመጠን ጕዳይ ነው። ሞኒተሮች ብዙ ጊዜ 1920 በ1080 በሰከንድ 60 ጊዜ ይመርጣሉ። ይህ ባዶ የሚተዉት የመስመርና የዓምድ ክፍሎች ሲጨመሩ 2200 ጊዜ 1125 ጊዜ 60 ይሆናል፤ በሰከንድ 148.5 ሚሊዮን ነጥብ ማለት ነው። የቲልሲዲሲ ወሰን ግን 126 ሚሊዮን ስለሆነ ከርነሉ ይህን መጠን ከዝርዝሩ ያወጣዋል። 1280 በ720 ግን በዚያው ፍጥነት 74.25 ሚሊዮን ብቻ ስለሚጠይቅ ያልፋል። ዴስክቶፑ በግድ ትልቁን መጠን እንዲይዝ ታዝዞ ከሆነ የማይወጣበት ምክንያት ይኸው ነው።

አሁን ከሁሉ ይበልጥ ወደሚያስቸግረው እንደርሳለን። ይህም ቦርዱ ሲነሣ የከርነሉ ጽሑፍና የመግቢያው ጥያቄ በሞኒተሩ ላይ በደንብ ታይተው፣ ዴስክቶፑ ሊነሣ ሲል ግን ሁሉ የሚጠቁርበት ጊዜ ነው። ጽሑፍ ከታየ ገመዱም፣ ማገናኛውም፣ ቲዲኤውም፣ የሞኒተሩ መግለጫም ነፃ ናቸው፤ ከዚህ በኋላ ብየዳ መነካካት ጤነኛውን ማቍሰል ነው። በእጃችን የገባው ቦርድ «የቦርድ ብልሽት» የሚል ወረቀት ተለጥፎበት የቈየ ቢሆንም፣ ጽሑፉን ግን ያሳይ ነበር።

ምክንያቱ በቀለሞቹ አቀማመጥ ላይ ነው። ኤኤም3358 የታወቀ ጠባይ አለው፤ ባለ16 ቢት ሥዕል ሲያወጣና ባለ24 ቢት ሥዕል ሲያወጣ የቀይና የሰማያዊ ሽቦዎች ቦታ ይለዋወጣል። ነዳፊው ከሁለቱ ለአንዱ ብቻ እንዲስማማ አድርጎ ሽቦውን ይዘረጋል። ቢግልቦን ብላክ ለ16 ቢቱ የተዘረጋ ስለሆነ በዲቫይስ ትሪው «ቀጥታ» የሚል ቃል ተጽፎለታል። ድራይቨሩም ይህን አንብቦ ባለ16 ቢቱን ተራ አቀማመጥ ይቀበላል፤ ባለ32 ቢት ከሆነ ግን ቀይና ሰማያዊው ተገልብጦ ካልቀረበለት አይቀበልም። ዌስተን የተባለው የዌይላንድ ፕሮግራም ደግሞ ሌላ ነገር ካልታዘዘ የሚጠይቀው ያንኑ ያልተገለበጠውን ባለ32 ቢት ነው። ከርነሉ «አይሆንም» ይለዋል፤ ዴስክቶፑም ሳይወጣ ይቀራል። የከርነሉ ጽሑፍ የሚታየው በ16 ቢት ስለሚጻፍ ነው።

በዚህ ላይ መመርመሪያው ራሱ ሊያሳስት ይችላል። ሞድቴስት የተባለው ፕሮግራም ባለ ቀለም መስመሮችን እያሳየ መውጫውን ይፈትናል፤ እርሱም ሳይነገረው የሚጠቀመው በዚያው ባለ32 ቢት አቀማመጥ ነው። ሳይሠራ ሲቀር «እነሆ፣ መውጫው አይሠራም» ብሎ መፍረድ አይገባም፤ አቀማመጡን ባለ16 ቢት ብለን ብንጠይቀው መስመሮቹ ወዲያው ይወጣሉ። በእኛ ቦርድ የሆነው እንዲሁ ነው።

መድኀኒቱም ከበሽታው ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው። በዌስተን የውቅር ፋይል፣ «ኮር» በሚለው ክፍል ሥር፣ «ጂቢኤም-ፎርማት» ለሚለው «አርጂቢ565» ብሎ መጻፍ ይበቃል። የድሮው ኤክስ ዴስክቶፕ ከሆነ፣ ፋይሉ 24 ጥልቀት የሚያዝ እንደሆነ ወደ 16 መለወጥ ነው። አዲስ ቦርድ የሚነድፍ ሰው ግን ሌላ ምርጫ አለው። የቀይንና የሰማያዊን ሽቦዎች አለዋውጦ በዲቫይስ ትሪው «ተሻጋሪ» ብሎ ቢጽፍ፣ ባለ32 ቢቱ ያለ ችግር ያልፋል። ዋጋው በሜሞሪው ላይ ይታያል፤ 1280 በ720 የሆነ አንድ ሥዕል በ16 ቢት 1,843,200 ባይት ሲይዝ በ32 ቢት 3,686,400 ይይዛል፤ ቲልሲዲሲም ይህን በሰከንድ 60 ጊዜ ማንበብ አለበት። በዚያው ሜሞሪ ካሜራ ወይም ሌላ ከባድ ሥራ የሚያካሂድ ሰው 16 ቢቱን ቢመርጥ ይሻለዋል እንላለን።