ከሣሩ የበዛ ከብት

ጊዜው የሰኔ ወር መጀመሪያ ነው እንበል። ዝናቡ ጥሏል። የብቸና ዋልካ አፈር ርሷል። ጎረቤት ሁሉ በሬውን ጠምዶ ያርሳል። የአንድ ገበሬ በሬዎች ግን ጥቂት ትልም እንደ ሄዱ ተኙበት። ከስተዋል፤ የጎድን አጥንታቸው ይቆጠራል። ልጁ በረቱን አየና፣ «አባቴ፣ ዘጠኝ ከብት አለን፤ የሚያርስ ግን አጣን» አለ።

ይህ ለምን ሆነ? ገበሬው ሰነፍ ስለሆነ አይደለም። ከብቱ ከሣሩ ስለበዛ ነው።

በብቸናም ሆነ በሞጣ ቀድሞ ከብት ይውልበት የነበረው መስክ እየታረሰ ጠቧል። በቀረችው መስክ ላይ የሁሉም ከብት ይሰፍራል። በክረምት እርጥቡን ዋልካ ሲረግጠው ሣሩ ከሥሩ ይነቀላል። በበጋም በየቀኑ የሚጋጥ ሣር ለማደግ ጊዜ ያጣል። ጥሩው ሣር ይጠፋና ከብት የማይበላው አረም ይተካዋል። ተዳፋቱ ሲራቆት ደግሞ ጎርፍ አፈሩን ጠርጎ ወደ ዓባይ ይወስደዋል።

እስቲ አብረን እናስላ። 250 ኪሎ የሚመዝን አንድ በሬ በቀን 6 ኪሎ ያህል ደረቅ መኖ ይፈልጋል። ከኅዳር እስከ ግንቦት 7 ወር ነው፤ 210 ቀን ማለት ነው። 6 ጊዜ 210 ሲባዛ 1,260 ኪሎ ይሆናል። አንድ የሣር ወይም የጭድ ሸክም 20 ኪሎ ቢመዝን፣ ለአንድ በሬ ብቻ 63 ሸክም ያስፈልጋል። ጥጃ ከዚህ ያነሰ ይበላል። ቢሆንም የ5 ከብት መኖ ለ9 ከተካፈለ ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ከእኩሌታው እምብዛም አያልፍም። በእኩሌታ የሚያድር ከብት ባይሞት እንኳ አያርስም፤ አይወልድም፤ አይታለብም።

ይህ ችግር በእኛ አገር ብቻ የታየ አይደለም፤ በዱር አራዊትም ላይ ደርሷል። በአሜሪካ አገር፣ የሎውስቶን በሚባል ጥብቅ ቦታ፣ ኤልክ የሚሉት ትልቅ አጋዘን መሰል እንስሳ አለ። ኤልክን ያድን የነበረው ተኩላ በሰው እየተገደለ በ1918 ዓ.ም. ገደማ ከዚያ ጠፋ። ከዚህ በኋላ ኤልኩ በዛ። ሣሩንና በወንዝ ዳር ያለውን ለጋ ዛፍ ጨረሰው። በ1954 ዓ.ም. በረዶ በሚወርድባቸው ወራት የቦታው ጠባቂዎች ከ4,000 በላይ ኤልክ ገደሉ። ሥጋው ለአገሩ ነባር ሕዝቦች ታደለ። ቆይቶም በ1987 ዓ.ም. ተኩላ ከካናዳ አምጥተው ለቀቁ።

ታዲያ የእኛን ከብት የሚቀንሰው ማን ነው? ባለቤቱ ካልቀነሰው ረሃብ ይቀንሰዋል። ረሃብ ደግሞ አይመርጥም። እርጉዟን ላምና የእርሻውን በሬ ይወስዳል።

«ከብት መቀነስ ራስን ማደህየት ነው» የሚል ይኖራል። አይፈረድበትም። ከብት ለክፉ ቀን፣ ለሠርግ፣ ለተዝካር ይሆናል። ነገር ግን በሚያዝያ የከሳ ከብት ገበያ ቢወጣ ዋጋው ይወድቃል። ቢሞት ደግሞ ሥጋውም ገንዘቡም የለም። ለክፉ ቀን የሚሆነው በቁጥር የበዛው ሳይሆን ጠግቦ ያደረው ነው።

የመቀነሻው ጥሩ ጊዜ ጥቅምትና ኅዳር ነው። ከብቱ የክረምቱን ሣር በልቶ ወፍሯል። ገበሬው ያለውን ጭድና ድርቆሽ ይገምት፤ ስንት ከብት እንደሚያከርምለት ያስላ። ከዚያ የሚወጣውን ይለይ። በመጀመሪያ የሚወጡት እነዚህ ናቸው፦

1. ጥርሷ ያለቀ አሮጊት ላም፤
2. ሁለት ዓመት ሙሉ ሳትወልድ የቀረች ላም፤
3. ለእርሻ የማይፈለግ ትርፍ ወይፈን።

ከእነዚህ አንዳንዱ ይሸጣል፤ አንዳንዱ ለቅርጫ ይታረዳል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባል የለ? አንድ ሰንጋ ለአንድ ቤት ብዙ ነው፤ ይበላሻል። ለጎረቤት ሲካፈል ግን ልክ ነው። 250 ኪሎ ከሚመዝን ሰንጋ 120 ኪሎ ያህል ሥጋ ከነአጥንቱ ይገኛል። 12 አባወራ ቢገባበት ለእያንዳንዱ 10 ኪሎ ይደርሰዋል።

ቅርጫ የሚያምረው በትክክል ሲካፈል ነው። በየመደቡ ከጭቅናውም፣ ከጎድኑም፣ ከጉበቱም፣ ከጨጓራውም ይመደብ። መደቡ ሳይበላለጥ ካለቀ በኋላ ዕጣ ይጣል። ዕጣውን የሚጥለው ጀርባውን የሰጠ ሰው ይሁን። አቅም ያነሰው ቤት ከሌላው ጋር ሆኖ አንድ መደብ ለሁለት ይግባ። ባሏ የሞተባት እናት ገንዘብ ቢያጥራት፣ በስምምነት አዝመራ ሲገባ ትክፈል። ቆዳው ሳይበሳ ተገፎ ይሸጥ፤ ገንዘቡም ለሁሉም ይከፈል።

የገና ጾም ኅዳር 15 ቀን ይገባል። ሥጋው ከዚያ በፊት ባያልቅ በቀጭኑ ዘልዝሎ፣ ጨውና በርበሬ ነስንሶ፣ ዝንብ በማይደርስበት ደረቅ ቦታ መስቀል ነው። ቋንጣው ለፍስክ ይደርሳል።

አንድ ነገር ግን አይዘንጋ። የታመመ ከብት ለቅርጫ አይታረድም። በድንገት የሞተና ከአፍንጫው ደም የፈሰሰው ከብት አባሰንጋ ይዞት ሊሆን ይችላል። አባሰንጋ ሰው ይገድላል። ስለዚህ አይገፈፍ፤ አይበላ። በጥልቅ ጉድጓድ ይቀበር፤ ለእንስሳት ሐኪምም ይነገር። የጤነኛው ሥጋም ቢሆን በደንብ ይብሰል። ጥሬ ሥጋ የኮሶ ትል ያመጣል።

ወደዚያ ልጅ እንመለስ። አባቱ በኅዳር ሁለቱን ሸጦ፣ አንዱን ለቅርጫ አውጥቶ ቢሆን ኖሮ በረቱ ውስጥ ስድስት ከብት ይቀሩ ነበር። የሦስቱን መኖ ሁለቱ የእርሻ በሬዎች ተጨምሮላቸው፣ በሰኔ ቀንበሩን ችለው ይሄዱ ነበር።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በእናንተ ቤት ያለው ጭድና ድርቆሽ ስንት ከብት እስከ ግንቦት ያደርሳል?
2. ከመንጋችሁ በመጀመሪያ የሚወጣው የትኛው ነው? ለምን?
3. በመንደራችሁ ቅርጫ ሲገባ አቅም ያነሰው ቤት እንዴት ይካፈላል?