ሪፈር ተጻፈ ማለት አሁኑኑ ጭነን እንሂድ ማለት አይደለም

በውስጥ መስመር ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝ አንድ ጥያቄ አለ። «ዶክተር፣ በጠና የታመመ ሰው ሪፈር ከተባለ በኋላ ለምን ያቆዩታል?»

ምክንያቱም ለእንዲህ ዓይነት ታካሚ መንገዱ ራሱ አደጋ አለው። ሆስፒታል ውስጥ ኦክስጅን፣ ሞኒተርና የሚረዳ ሰው በቅርብ አለ። አምቡላንስ ውስጥ ግን ያለው ይዛችሁ የወጣችሁት ብቻ ነው። ሞጆ ላይ ቱቦው ቢነቀል ወይም ደም ግፊቱ ቢወርድ ከየት ይመጣል? ስለዚህ ከመነሳቱ በፊት አተነፋፈሱ፣ ደም ግፊቱና ስኳሩ ይስተካከላል፣ የሚደማው ይታሰራል። ያቺ ጊዜ ባከነች አትበሉ። በኦፕራሲዮን ብቻ የሚቆም የውስጥ መድማት ከሆነ ግን ብዙ ሳይቆይ፣ እየታከመ ይሄዳል።

ኦክስጅኑን እናስላ

10 ሊትር የሚይዝ ሲሊንደር ጌጁ 100 ባር ካሳየ ውስጡ ወደ 1,000 ሊትር ኦክስጅን አለ (10 × 100)። ታካሚው በደቂቃ 10 ሊትር የሚወስድ ከሆነ 100 ደቂቃ ይበቃዋል፣ ማለትም 1 ሰዓት ከ40። ከአዳማ አዲስ አበባ የፍጥነት መንገዱ ያፈጥናል፣ ከተማ ሲገባ ግን የቃሊቲን መጨናነቅ ታውቁታላችሁ። ስለዚህ ከሚገመተው ሰዓት እጥፍ የሚበቃ ይያዛል።

ሌላም አለ። አዳማ ከባህር ጠለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ነው፤ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። አሰላም ደጋ ነው። ከፍ ባልን ቁጥር አየሩ ስለሚሳሳ፣ አዳማ ላይ «ደህና ነው» የተባለ የሳንባ ታካሚ እዚያ ሲደርስ ኦክስጅኑ ሊወርድ ይችላል።

እዚያው ግቢ ውስጥስ?

ከአይሲዩ ወደ ሲቲ ስካን መሄድም ጉዞ ነው። ኦክስጅን፣ ሞኒተርና ባለሙያ አብረው መሄድ አለባቸው። አስታማሚ ብቻውን ስትሬቸር እየገፋ መሄድ የለበትም።

ከመነሳታችሁ በፊት እነዚህን ጠይቁ፦

1. ተቀባዩ ሆስፒታል አልጋ እንዳለው ላይዘን ክፍሉ ደውሎ አረጋግጧል?
2. አብሮ የሚሄደው ባለሙያ ማነው? ሹፌር ብቻውን አይበቃም።
3. ኦክስጅኑ ስንት ሰዓት ይበቃል?
4. የሪፈር ወረቀት፣ የላብራቶሪ ውጤት፣ ራጅና የተሰጡት መድኃኒቶች ዝርዝር ተይዟል?
5. ደም ሊያስፈልግ ይችላል? መለገስ የሚችል ዘመድ ይከተል።

እነዚህን ደግሞ አታድርጉ፦

• መኪና የገጨውን ወይም ከፎቅ የወደቀን ሰው አጥፋችሁ ባጃጅ ውስጥ አታስገቡ። አንገቱና ጀርባው ሳይንቀሳቀስ፣ ተጋድሞ ይሂድ።
• ራሱን ለሳተ ሰው ውሃም ሆነ ስኳር በአፉ አትስጡ።
• ነፍሰ ጡርን በጀርባዋ አታስተኙ፣ በግራ ጎኗ ትተኛ።
• ሹፌሩን «ንዳው! ንዳው!» አትበሉት። በሩጫ የሚተርፈው ደቂቃ ትንሽ ነው፣ አደጋው ግን ትልቅ።

የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው፣ አሁኑኑ ስልካችሁ ላይ መዝግቡት። ባቱ፣ መተሐራ ወይም ሻሸመኔ ዘመድ ላላችሁ ይህን ጽሁፍ አጋሩላቸው፤ ሪፈር በድንገት ነውና የሚመጣው፣ በዚያ ሰዓት ለማንበብ ጊዜ አይኖርም።

ጤና ይብዛላችሁ!